ከሦስት ትንንሽ ልጆች ጋር የለንደን አንድ ቀን፦ የጉዳይ ጥናት

ቤተሰቡ አምስት ነው። እናት፣ አባት፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ፣ እና አንድ ዓመት ከሦስት ወር የሆናት ሕፃን። የሚኖሩት በርሚንግሃም ነው። ልጆቹ ለንደንን አይተው አያውቁም። ጊዜው ነሐሴ፣ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ወቅት ነው። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ አባትየው ከሥራ ፈቃድ ያገኘው ያን ቀን ብቻ ስለሆነ።

የደርሶ መልስ የባቡር ትኬት አስቀድመው ቆርጠዋል። እንዲህ ዓይነቱ ርካሽ ትኬት የሚሠራው ለተያዘለት ባቡር ብቻ ነው፤ ባቡሩ ካመለጠ ሌላ መግዛት ነው። ስለዚህ ቀኑ በሁለቱም ጫፍ የታሰረ ነበር። ጠዋት 3 ሰዓት ከ20 ላይ ዩስተን ጣቢያ ይደርሳሉ፤ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከዚያው ይነሳሉ።

እናትየው የአክስቴ ልጅ ናት። እኔ የምኖረው ለንደን ስለሆነ ቀኑን አብሬያቸው ዋልኩ። ይህን የምጽፈውም በእሷና በባለቤቷ ፈቃድ ነው። ከልጆች ጋር ትልቅ ከተማ ለመጎብኘት የሚያስብ ወላጅ ሁሉ ከዚህ ቤተሰብ ቀን የሚወስደው ነገር ያለ ይመስለኛል።

ዝርዝሩ እንዴት እንዳጠረ

መጀመሪያ የላከችልኝ ዝርዝር ረጅም ነበር። ቢግ ቤን። የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት የዘበኞች ቅያሪ። ለንደን አይ። ታወር ብሪጅ። ማዳም ቱሶ። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም። በመጨረሻም ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም። ካርታ ላይ ሲታዩ ሁሉም ጎረቤታሞች ይመስላሉ። እግሩ የጠና አዋቂ በአንድ ቀን ልሞክራቸው ቢል አይፈረድበትም።

ከልጆች ጋር ሒሳቡ ሌላ ነው። አንድ ቦታ በተጨመረ ቁጥር አብሮት የሚመጣ ጣጣ አለ። መሳፈር አለ፣ መውረድ አለ። የሕፃን ጋሪ ማጠፍ አለ። ሰልፍ አለ። «ሽንቴ መጣ» አለ። ጃኬት ማውለቅ፣ መልሶ ማልበስ አለ። ልጅ እያየ አይደክምም፤ እየጠበቀ ነው የሚደክመው። ስለዚህ ስልክ ላይ ሆነን ዝርዝሩን ስንቀንስ አንድ ጥያቄ ብቻ ደጋግመን ጠየቅን፦ የትኛው ነው ብዙ የሚያስጠብቀው?

ለንደን አይ በዚህ ጥያቄ ወደቀ። 135 ሜትር ከፍታ ያለው መንኮራኩር ነው፤ አንድ ዙር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከተነሳ በኋላ መውረድ የለም። ሕፃኗ ብታለቅስም፣ ልጁ ሽንቱ ቢመጣም ዙሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ዋጋውም ለቤተሰብ ቀላል አይደለም። ማዳም ቱሶም ቀረ፤ ለአራት ዓመት ልጅ የማያውቀው ሰው የሰም ምስል ምኑም አይደለም። ታወር ብሪጅ ከሌሎቹ ተነጥሎ በስተ ምሥራቅ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ተባለ።

የዘበኞች ቅያሪው ግን አከራከረን። እናትየው ከልጅነቷ ጀምሮ በቴሌቪዥን ያየችው ነገር ነው። ሥነ ሥርዓቱ በአብዛኛው የሚካሄደው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና እሑድ ነው። የእነሱ ቀን ደግሞ ሐሙስ። ቀኑ ቢገጥም እንኳ አጥሩ ሥር ቦታ ለመያዝ ቀደም ብሎ ሄዶ መቆም ይጠይቃል። ከኋላ የቆመ ልጅ የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። በምትኩ ሆርስ ጋርድስን መረጥን። ከትራፋልጋር አደባባይ በዋይትሆል መንገድ ወረድ ብሎ ነው ያለው። እዚያ በፈረስ የተቀመጡ ዘቦች ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ 10 ሰዓት በሩ ላይ ይቆማሉ። ቅያሪው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ 5 ሰዓት ላይ፣ እሑድ 4 ሰዓት ላይ ነው። ፈረስ ያለበት ቦታ ደግሞ ልጅን ለማስደሰት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምን አባትየው ሊሰርዘው ነበር። «ልጆች ይዘን የብርና የወርቅ ዕቃ ልናይ?» አለ። እናትየው ከዚያ ሙዚየም የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በ1868 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ ያመጣውን የወርቅ ዘውድ። እዚህ ላይ ከእሷ ጎን ቆምኩ። የወላጅ ፍላጎት ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሰረዝ መሆን የለበትም። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ፍላጎት ሲያሟላ የዋለ ወላጅ ወደ ማታ ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ልጆቹም ዋጋውን ይከፍላሉ። ሙዚየሞች ዕቃ ስለሚያቀያይሩ ዘውዱ ለዕይታ መቅረቡን በዋዜማው ድረ ገጻቸው ላይ አጣራች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀሩት ፈረሶቹ፣ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙና ዘውዱ ናቸው። በመካከል መናፈሻ ገባ። የሰዓቱን አደላደል የወሰነችው ደግሞ ሕፃኗ ናት። ቀን ቀን የምትተኛው 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድና ለሁለት ዓመት ልጆች በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። የቀኑ እንቅልፍ ከተዘለለ ማታ ላይ የሚከፍለው ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ምንም ነገር እንዳይያዝ፣ ጋሪው ብቻ እየተገፋ እንዲቆይ ተስማማን።

ረፋድ

ከዩስተን የተነሳነው በባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ነው። የምድር ውስጥ ባቡሩ ይፈጥናል፤ ግን 272 ጣቢያዎች ካሉት ደረጃ ሳይወጡ ሳይወርዱ መግባት የሚቻለው ወደ ሢሶው ገደማ ብቻ ነው። ጋሪ ለሚገፋ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በካርታው ላይ የዊልቸር ምልክት ያለባቸውን ጣቢያዎች አይቶ መውጣት ይቻላል። አውቶቡሶቹ ግን ሁሉም መግቢያቸው ዝቅ ያለ ነው። ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነፃ ይሄዳሉ። ጥሬ ገንዘብ ከ2014 ወዲህ አይቀበሉም፤ አዋቂ ሁሉ የየራሱን የባንክ ወይም የጉዞ ካርድ ማስነካት አለበት።

አባትየው ከጋሪው ጋር ታች ቀረ። እኛ ከሁለቱ ልጆች ጋር ላይ ወጥተን የመጀመሪያውን ረድፍ ያዝን። ያ ወንበር ለልጅ ራሱን የቻለ ጉብኝት ነው። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ሕንጻው ፊት ላይ የሚመጣ ይመስላል። የዛፍ ቅርንጫፍ መስኮቱን ጠራርጎ ሲያልፍ ልጁ ጭንቅላቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ቀና ብሎ «ሌላ መጣ! ሌላ መጣ!» ይላል። መንገድ ተዘጋግቶ ቆመን ነበር። ለእሱ ግን ጥበቃ አልነበረም፤ ታች የሚያልፈውን ሰው ይቆጥር ነበር።

ትራፋልጋር ስንወርድ በዋይትሆል መጨረሻ ላይ ማማው ታየ። ቢግ ቤን የደወሉ ስም ነው፤ ማማው ከ2012 ጀምሮ የኤልሳቤጥ ማማ ይባላል። ትልቋ ፎቶ አነሳች፣ በቃት። ሥሩ ድረስ መሄድ አላስፈለገንም።

ሆርስ ጋርድስ ላይ ከቅያሪው በፊት ደረስን። በሩ ላይ ፈረሶቹ ሊራገጡ ወይም ሊናከሱ እንደሚችሉ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለ። አባትየው ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ልጁ የአባቱን ሱሪ ጨምድዶ ይዞ ከአንድ ጥቁር ፈረስ ፊት ቆመ። ፈረሱ አፍንጫውን ሲነፋ ወደ ኋላ ይላል፣ መልሶ ይጠጋል። ዘቡ አይንቀሳቀስም። ልጁ ዘቡን ረስቶት ነበር፤ ዓይኑ ከፈረሱ ኮቴ አልተነሳም። ከዚያ ፈረሱ ፋንድያውን ጣለ። ሁለቱ ልጆች በሳቅ ፈረሱ፤ በዚያ ቀን ከተናገሩት ሁሉ ለአያታቸው በስልክ መጀመሪያ የነገሯት ይሄንኑ ነው።

ሥነ ሥርዓቱ ሳያልቅ ወጣን። እናትየው ትንሽ ቅር ብሏት ነበር፤ ልጁ ግን መሬት ላይ መቀመጥ ጀምሮ ነበር። ልጅ በደህና ስሜት ላይ ሳለ ከአንድ ቦታ ማውጣት እያለቀሰ ጎትቶ ከማውጣት በብዙ ይሻላል።

ከሰልፍ ሜዳው ጀርባ የሴንት ጄምስ መናፈሻ ነው። ኩሬው ላይ ፔሊካኖች አሉ። መጀመሪያ የመጡት በ1664 ከሩሲያ አምባሳደር በተሰጠ ስጦታ ነው። ትልቋ ይህን ስትሰማ «እነዚህ ራሳቸው?» ብላ ጠየቀች። እነዚያ ከሞቱ ብዙ ዘመን እንደሆነና በቦታቸው ሌሎች እንደተተኩ አባቷ አስረዳት። በወዲያኛው ጫፍ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ በኩል፣ አሸዋ ያለው የልጆች መጫወቻ አለ። ከቤት የመጣው ምሳ የተበላው እዚያ ነው፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ። ማንም «ራበኝ» ሳይል። ሽንት ቤት ሁሉም ሄደ፤ የመጣበትም ያልመጣበትም።

እንቅልፉ

ከመናፈሻው ወጥተን በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት አለፍን። ቆመን ፎቶ ተነሳን፣ ሄድን። ከዚያ በኮንስቲትዩሽን ሂል መንገድ፣ በግሪን ፓርክ ጥግ ጥጉን ወደ ሃይድ ፓርክ ኮርነር አቀናን። አንድ ወገኑ ዛፍ ነው፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፊና ለስላሳ። ሕፃኗ ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ተኛች። ያን መንገድ የመረጥነው ለዚህ ብቻ ነበር።

ከሃይድ ፓርክ ኮርነር ወደ ሳውዝ ኬንሲንግተን 14 ቁጥርና 74 ቁጥር ይሄዳሉ። አንዱን ያዝን። ሁለት ፌርማታ እንዳለፍን አንዲት ሴት በዊልቸር ልትሳፈር መጣች። በለንደን አውቶቡስ ላይ ያ ቦታ ቅድሚያው የዊልቸር ተጠቃሚ ነው፤ ጋሪ የሚቆመው ባዶ ከሆነ ብቻ ነው። አባትየው ማንም ሳይጠይቀው ሕፃኗን ቀስ አድርጎ አወጣት፣ ትከሻው ላይ አስተኛት፣ ጋሪውን በአንድ እጁ አጠፈው። ነቃች፣ ተነጫነጨች፣ መልሳ ተኛች። በአንድ እጅ የሚታጠፍ ጋሪ ይዘው መምጣታቸው እዚህ ላይ ጠቀመ። በርሚንግሃም ቤታቸው ያለው ትልቁና ምቹው ጋሪ ቢሆን ኖሮ መውረዳቸው አይቀርም ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ቀን ቀላሉን ጋሪ መያዝ፣ ከሌለም መዋስ ነው።

ሙዚየሙ

የእንግሊዝ ብሔራዊ ሙዚየሞች ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ ቋሚ ስብስባቸው በነፃ ነው የሚታየው። ነፃ ስለሆነ ግን በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰልፉ ረጅም ነው። ለ7 ሰዓት ነፃ ትኬት በኢንተርኔት ይዘን ስለነበር ብዙ አልቆምንም። ነፃ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። የተከፈለበት ቦታ «ገንዘባችን እንዳይባክን» እያሉ ልጅን ያቆያሉ። እዚህ ሲበቃ ይወጣል።

የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ በ1881 የተከፈተ፣ ከውጭ ሲያዩት ካቴድራል የሚመስል ሕንጻ ነው። ዋናው አዳራሽ ጣሪያ ላይ ከ2017 ጀምሮ የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አጽም ተሰቅሏል። 25 ሜትር ይረዝማል። በ1891 አየርላንድ ውስጥ ዌክስፎርድ ዳርቻ የተገኘች ሴት ዓሣ ነባሪ ናት። አፏን ከፍታ ወደ ታች እንደምትጠልቅ ሆና ነው የተሰቀለችው። ልጁ ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋለለ። አባቱ ሊያነሳው ሲል ከለከልኩት፤ ከዚያ የተሻለ ማያ ቦታ የለም።

ትልቋ የጠፋችውም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው።

አባትየው ከልጁ ጋር ሽንት ቤት ሄዷል፤ እኔም ውሃ ልቀዳ ዞር ብያለሁ። ሕፃኗ ነቅታ ነበርና እናትየው ከጋሪው ሥር ጡጦ ለማውጣት ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ልጅቷ የለችም። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። ስሟን ጠራች፣ ደግማ ጠራች። የእናቲቱን ፊት ስመለስ አየሁት፤ ደም የሚባል አልነበረበትም።

ልጅቷ የተገኘችው ከአዳራሹ ጎን ቀጭኔው ጋ ነው። ቀጭኔ አይታ ሄዳለች። ዘወር ስትል እናቷን አጣች። ከዚያ ጠዋት ባቡር ውስጥ የተነገራትን አደረገች። የተነገራት አጭር ነው፦ «ከጠፋሽን አትፈልጊን። ባለሽበት ቁሚ። እኛ እንመጣለን። ዩኒፎርም የለበሰ ሠራተኛ ካየሽ ክንድሽን አሳዪው።» ክንዷ ላይ የእናቷ ስልክ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ስንደርስ መስታወቱን ተደግፋ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን ለአንዲት የሙዚየሙ ሠራተኛ ዘርግታ ቆማ ነበር። ሠራተኛዋ ቁጥሩን መደወል ጀምራለች። የእናትየው ስልክ እጇ ላይ እያለ ጮኸ።

እናትየው አልተቆጣችም። አቅፋት «ጎበዝ፣ ልክ እንዳልኩሽ ነው ያደረግሽው» አለቻት። ይህን በተለይ ልጽፈው ፈለግሁ። በድንጋጤ መጮህ ቀላል ነበር። የተጮኸባት ልጅ ግን በሚቀጥለው ስትጠፋ ቆማ የምትጠብቅ አይመስለኝም፤ ትደበቃለች። ሌላም ያደረጉት ነገር አለ። ጠዋት ጣቢያው ላይ ሦስቱን ልጆች በዚያን ቀን ልብሳቸው ፎቶ አንስተዋቸዋል። የጠፋ ልጅ ምን ለብሶ እንደነበር በድንጋጤ ሰዓት ለማስታወስ መሞከር ከባድ ነው።

የዳይኖሰሮቹ ክፍል ላይ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። እዚያ የሚንቀሳቀስና የሚያገሳ የቲራኖሰሮስ ሬክስ ሞዴል አለ። ልጁ ድምፁን ከሩቅ ሲሰማ እግሩን ተከለ። «እውነተኛ እኮ አይደለም» ቢባል የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። አባቱ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀው። እንቢ ሲል ተሸክሞት በመጡበት ተመለሱ፣ ሰው እየገፋቸው። ልጅቷ ከእኔ ጋር ገብታ ጠግባ አየች። አንድ አዋቂ ለአንድ ልጅ መድረስ የሚያስፈልገው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ተጨማሪ ሰው ባይኖር ለትልቋም ይቀርባት ነበር።

ኩሬውና ዘውዱ

9 ሰዓት አለፈ። ልጁ መነጫነጭ ጀመረ፤ ትልቋም ጫማዋ አሳከካት። ይህ ሰዓት ከልጆች ጋር በሚኬድ ጉብኝት ሁሉ የሚመጣ ነው። ሌላ ሙዚየም ማሳየት አይሠራም፣ ጣፋጭ መግዛትም ብዙ አይዘልቅም። ውሃ ግን ይሠራል።

ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከመንገዱ ማዶ ነው። ግቢው መሐል ጥልቀት የሌለው ሞላላ ኩሬ አለ፤ በበጋ ልጆች እግራቸውን ነክረው ይጫወቱበታል። ማንም አይከለክልም። ሁለቱ ልጆች ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ልጁ እስከ ወገቡ ራሰ። ሕፃኗ ሣሩ ላይ ዳዴ አለች። አባትየው ዳር ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ። ከንጋት ጀምሮ መጀመሪያ ያረፈው ያኔ ነው።

እናትየው ብቻዋን ወደ ውስጥ ገባች። ጋሪ የለ፣ ቦርሳ የለ። ዘውዱ ፊት የፈለገችውን ያህል ቆመች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ብዙ አላወራችም፤ ልጆቹ ሲያድጉ ይዛቸው እንደምትመጣና የማን እንደሆነ እንደምትነግራቸው ብቻ ነገረችኝ። ከዚያ ልጁን በቅያሪ ልብስ አለበሰችው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙሉ ቅያሪ ይዛ ነበር፤ ለራሷም አንድ ቲሸርት።

መመለሻ

ከሳውዝ ኬንሲንግተን ወደ ዩስተን በምድር ውስጥ ባቡር መሄድ ይቻል ነበር። ግን ደረጃ አለ፣ ባቡር መቀየር አለ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ደርሷል። በጥቁሩ የለንደን ታክሲ ሄዱ። ጋሪው ሳይታጠፍ ይገባል። ፊታቸውን ወደ ኋላ አድርገው የሚቀመጡባቸው ተጣጣፊ ወንበሮች ስላሉ ለልጆቹ እሱም ራሱ ጨዋታ ሆነ። ውድ ነው። ያም ሆኖ ከለንደን አይ የተረፈው ገንዘብ እዚህ መዋሉን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ትርፍ ገንዘብ ካለ ሁሉም የደከመበት የመጨረሻው መንገድ ላይ ማዋል ነው።

ጣቢያው የደረሱት ከባቡሩ አንድ ሰዓት ቀድመው ነው። እራት እዚያው በሉ። እናትየው ልጆቹን ሽንት ቤት ወስዳ ፒጃማ አለበሰቻቸው። ባቡር ውስጥ ቢተኙ ከመኪና ወደ አልጋ ማዛወር ብቻ ነው የሚቀረው። ሁለቱ ትንንሾች ተኝተዋል። ትልቋ ግን በርሚንግሃም እስኪደርሱ ስለ ቀጭኔው አወራች።

በኋላ ስንነጋገር ባልና ሚስት በአንድ ነገር አልተስማሙም። እሱ አንድ ሌሊት አድረው ቢሆን ይሻል ነበር ይላል። ሁለት አጭር ቀን ከአንድ ረጅም ቀን ይቀላል ባይ ነው። እሷ ደግሞ ሕፃኗ በማታውቀው ክፍል ስለማትተኛ ሁለተኛው ቀን በእንቅልፍ ማጣት ይበላሽ ነበር ትላለች። ለጊዜው እሷ ልክ ናት ባይ ነኝ። ሕፃኗ የቀን እንቅልፍ ስታቆም ግን ሚዛኑ ወደ እሱ ያደላል፤ ያኔ ለቀኑ ሰዓት የሚያወጣላቸው ጋሪው አይሆንም፣ ማደሪያውም ሙዚየሞቹ አጠገብ ሊያዝ ይችላል።